ሙዚቃን በሊበራል አርትስ ዩኒቨርሲቲ ለመማር ላሰባችሁ፣ ካለፍኩበት የምነግራችሁ

"ያዋጣል ወይ?" ሙዚቃ በዲግሪ ተምሬ መጨረሴን የሰሙ ልጆች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ይህንን ነው። ወላጆቻቸውም ያንኑ ይጠይቁኛል፤ እነሱ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። እኔ የተማርኩት በኮንሰርቫቶሪ፣ ማለትም ሙዚቃን በዋናነት በሚያስተምር ልዩ ትምህርት ቤት፣ ሳይሆን በሊበራል አርትስ ዩኒቨርሲቲ ነው። የሁለቱ ልዩነት በደንብ ሳይገባኝ ስለገባሁ ብዙ ነገር ከብዶኝ ነበር። በመጨረሻ ግን ወደድኩት፤ ዛሬም ምረጪ ብባል ያንኑ እመርጣለሁ። መንገድ ላይ ያደናቀፈኝ ሁሉ ሌላውንም ማደናቀፍ የለበትም ብዬ ነው የምጽፈው።

ሊበራል አርትስ ሲባል ብዙ ሰው ሥዕል፣ ቲያትርና ሙዚቃ ብቻ የሚሰጥበት ቦታ ይመስለዋል። አይደለም። ሥሩ በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ይሰጡ የነበሩት ሰባት ትምህርቶች ናቸው። ሦስቱ ሰዋስው፣ ሎጂክና የንግግር ጥበብ ናቸው። አራቱ ደግሞ አርቲሜቲክ፣ ጂኦሜትሪ፣ ሙዚቃና ሥነ ፈለክ። ልብ በሉ፣ ሙዚቃ የተቀመጠው ከቁጥር ትምህርቶች ጎን ነው። የተወጠረ ገመድን እኩሌታ ላይ ይዛችሁ ብትመቱት ድምፁ አንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል፤ ያው ኖታ በቀጣዩ ከፍታ ይደገማል ማለት ነው። ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ብታስጮሁት ደግሞ ከመነሻው ተቆጥሮ አምስተኛውን ድምፅ (ከዶ ብትነሱ ሶልን) ይሰጣችኋል። ለጥንቶቹ ሙዚቃ ማለት የሚሰማ ቁጥር ነበር። ዛሬ ደግሞ በሊበራል አርትስ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ የሚማር ሰው ከዋናው ትምህርቱ ጎን ሳይንስ፣ ታሪክ፣ ቋንቋ፣ ሒሳብና የጽሑፍ ኮርሶችን ይወስዳል። ይህ ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነው።

ከሁሉ በፊት የሚሰጣችሁ ዲግሪ የቱ እንደሆነ እወቁ። በአሜሪካ አሠራር ሁለት ዋና ዓይነት አለ። አንዱ ባችለር ኦፍ አርትስ፣ ሌላው ባችለር ኦፍ ሚውዚክ ይባላል። የአገሪቱን የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች የሚመዝነው ብሔራዊ ማኅበር ባወጣው መለኪያ መሠረት፣ በመጀመሪያው ዲግሪ የሙዚቃው ድርሻ ከጠቅላላው ከ30 እስከ 45 በመቶ ነው። በሁለተኛው ደግሞ ቢያንስ 65 በመቶ። ዲግሪው ብዙ ጊዜ 120 ክሬዲት ስለሆነ ልዩነቱን ማስላት አይከብድም። እናንተ ስለ አሲድና ቤዝ የላብራቶሪ ሪፖርት በምትጽፉበት ሰዓት፣ በሌላኛው ዲግሪ ያለው እኩያችሁ ልምምድ ላይ ነው ማለት ነው።

ይህን ስላችሁ ላስፈራራችሁ አይደለም። ሕልማችሁ በትልቅ ኦርኬስትራ ወንበር ይዞ መጫወት ብቻ ከሆነ፣ ኮንሰርቫቶሪን ወይም ባችለር ኦፍ ሚውዚክን በቁም ነገር አስቡበት። ሁለቱንም የምትፈልጉ ካላችሁ ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አለ። እንደ ኦበርሊንና ሎረንስ ያሉ ተቋማት ኮሌጅና ኮንሰርቫቶሪ አጣምረው ስለያዙ በ5 ዓመት ሁለት ዲግሪ የሚያስጨርስ ፕሮግራም አላቸው። ከባድ ነው፤ ግን አለ። ስለ ሙዚቃ ማሰብም፣ መጻፍም፣ መጫወትም የምትወዱ፣ ከሙዚቃ ጋር ሌላ ዕውቀት ይዛችሁ መውጣት የምትፈልጉ ከሆነ ግን የሊበራል አርትሱ መንገድ ለእናንተ የተሠራ ነው።

ስገባ በጆሮዬ ብቻ ነበር ፒያኖ የምጫወተው። አንድ ዘፈን ደጋግሜ ከሰማሁ ኮርዱን (አብረው የሚመቱትን ድምፆች) ማግኘት አይቸግረኝም። ኖታ ግን ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን ነበር የማነበው። የመግቢያ ማመልከቻዬን ሳስገባ ግን ኦዲሽን (በመምህራን ፊት ተጫውቶ መፈተን) አልተጠየቅኩም። ብዙዎቹ ሊበራል አርትስ ዩኒቨርሲቲዎች ለባችለር ኦፍ አርትስ ኦዲሽን ግድ አይሉም። ከማመልከቻው ጋር የድምፅ ወይም የቪዲዮ ቅጂ እንድታያይዙ ግን ይፈቅዳሉ። ይህችን ዕድል አትለፏት። ቅጂው በውድ ስቱዲዮ መሠራት የለበትም። ጸጥ ያለ ክፍል፣ የተቃኘ መሣሪያ፣ ሳይቆራረጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተቀረጸ ሥራ ይበቃል። ሁለት የተለያየ መንፈስ ያላቸው ሥራዎች ብታስገቡ ይመረጣል።

የመጀመሪያው መሰናክል የመጣው ከምክር ነው። አዲስ ተማሪ ሲገባ አማካሪ ይመደብለታል። የእኔዋ አማካሪ ከሌላ ዲፓርትመንት ነበሩ። በጣም ቅን ሰው ነበሩ። "መጀመሪያ አጠቃላይ ኮርሶቹን ጨርሺ፤ ሙዚቃው አይሸሽም" አሉኝ። ለታሪክ ወይም ለሶሲዮሎጂ ተማሪ ይህ ጥሩ ምክር ነው። ሙዚቃው ግን ይሸሻል። የቲዎሪ ኮርሶች፣ ማለትም ሙዚቃ እንዴት እንደሚገነባ የሚያስተምሩት፣ ተያይዘው ነው የሚሄዱት። አንዱን ሳታልፉ ቀጣዩን መውሰድ አይቻልም። አብዛኛውን ጊዜ አራት ሴሚስተር ይፈጃሉ። የመጀመሪያው ኮርስ ደግሞ እኔ በተማርኩበት ቦታ የሚከፈተው በመስከረሙ ሴሚስተር ብቻ ነበር። ያ ካመለጠ እስከሚቀጥለው ዓመት መጠበቅ ነው። እኔንም አመለጠኝ። ቅንብር፣ ኦርኬስትሬሽን (ሙዚቃን ለኦርኬስትራ መሣሪያዎች አከፋፍሎ መጻፍ) እና ከፍ ያሉት የትንተና ኮርሶች ሁሉ የሚከፈቱት ከዚያ ሰንሰለት በኋላ ስለሆነ፣ የዩኒቨርሲቲ ዘመኔ ግማሹ በማሳደድ አለፈ።

ስለዚህ ዋናውን የትምህርት ዘርፍ የምታሳውቁት በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ቢሆንም፣ ቲዎሪን በመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሩ። ሙዚቃን ለመያዝ ገና እያመነታችሁ ቢሆንም ጀምሩ። ኋላ ብትተዉት የምታጡት አንድ ኮርስ ነው። ሳትጀምሩ ቀርታችሁ ብትፈልጉት ግን የምታጡት ዓመት ነው። ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ለሙዚቃ ዲፓርትመንቱ ኃላፊ ጻፉና "የቲዎሪ ኮርሶቹ ቅደም ተከተል እንዴት ነው? የምደባ ፈተናው መቼ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። የምደባ ፈተና የሚሉት ኖታ ማንበብ፣ የሜጀርና የማይነር ስኬሎችን (በቅደም ተከተል የተደረደሩ ድምፆችን)፣ በሁለት ድምፆች መካከል ያለውን ርቀትና መሠረታዊ ኮርዶችን የሚመለከት ነው። ከመግባታችሁ በፊት ባለው የእረፍት ጊዜ በየቀኑ ጥቂት ብታጠኑ ታልፉታላችሁ።

የኖታው ነገር እንዴት እንደተፈታ ልንገራችሁ። የፒያኖ አስተማሪዬ የምጫወተውን ሥራ እንድለማመድ ብቻ አልነበረም የሚያዙኝ። በየቀኑ ከዚህ በፊት አይቼው የማላውቀውን፣ ከደረጃዬ በጣም የሚቀልል ገጽ አንድ ጊዜ ብቻ እንዳነብ ያዙኝ ነበር። ሕጉ ሁለት ነው። በዝግታ መጀመር፣ ከተጀመረ በኋላ አለመቆም። ብሳሳትም አልመለስም። ጆሮዬ "ተሳስተሻል፣ አስተካክዪ" እያለ ሲጮኽ ዝም ብሎ ማለፍ በጣም ይከብድ ነበር። ግን ማንበብ የሚለመደው እንደዚያ ነው። በነጻ የሚገኙ ኖታዎችን አይኤምኤስኤልፒ (IMSLP) ከሚባለው ድረ ገጽ ማውረድ ይቻላል። የቅጂ መብታቸው ያለፈ ሥራዎች በብዛት እዚያ አሉ። በጆሮ የምትጫወቱ ልጆች፣ ያላችሁን ችሎታ ማንም እንዲያናንቅባችሁ አትፍቀዱ። በኋላ በጆሮ ሥልጠና ክፍል ውስጥ የምትበልጡት እናንተ ናችሁ። ማንበቡን ግን ሸሽታችሁ አታመልጡም።

ቲዎሪ ክፍል ውስጥ ከማይረሱኝ ነገሮች አንዱ አራት ድምፅ አዋሕዶ መጻፍ ነው። ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴነርና ባስ። የጀርመናዊውን አቀናባሪ የባክን ኮራሎች (በአራት ድምፅ የተጻፉ የቤተ ክርስቲያን መዝሙሮች) እያየን ነበር የምንማረው። ሕጎቹ ብዙ ናቸው። ከሁሉ በላይ ተማሪ የሚሸነፍበት ግን ሁለት ድምፆች በአምስተኛ ርቀት (ከዶ እስከ ሶል ባለው) ሆነው አብረው ወደ አንድ አቅጣጫ እንዳይሄዱ የሚለው ነው። የመጀመሪያ የቤት ሥራዬ ሲመለስ በቴነርና በባስ መካከል ቀይ ሰረዞች ተሰምረውበት ነበር። እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ። ለጆሮዬ ጥሩ ነበር የሚመስለኝ። ከክፍል በኋላ ሄጄ "ማን ነው የከለከለው?" አልኳቸው።

መምህሩ አልተቆጡም። ወረቀቴን ፒያኖው ላይ አስቀምጠው ተጫወቱት። "ዓይንሽን ጨፍኚ። ስንት ሰው ሲዘምር ይሰማሻል?" አሉኝ። አዳመጥኩ። ሦስት ነው የሚሰማኝ። "አራት ሰው ነው የጻፍሽው" አሉ። "ሁለቱ ተዋሕደው አንድ ሆኑብሽ። አንዱ ዘማሪ ጠፋ።" ከዚያ አንዲት ኖታ ብቻ ቀይረው ደግመው ተጫወቱ። አራተኛው ሰው ተመልሶ መጣ። ከዚያ ቀን በኋላ የቲዎሪን ሕግ እንደ ትዕዛዝ አይቼው አላውቅም። ሕጉ እያንዳንዱ ድምፅ የራሱን መንገድ ይዞ እንዲሰማ ለፈለገ ዘመን የተሠራ ነው። ሌላ ዓይነት ድምፅ የምትፈልጉ ከሆነ ሌላ ሕግ አለ። ብዙ የሮክ ጊታር ሙዚቃ ቀጥ ብሎ በአምስተኛዎች ላይ የቆመ ነው፤ እዚያ ላይ ድምፆቹ ተዋሕደው እንዲገዝፉ ነው የሚፈለገው። ሕግ ሲያስመርራችሁ ለፈተና ብቻ አትሸምድዱ። ሕጉ የትኛውን ድምፅ ለመጠበቅ እንደወጣ ጠይቁ።

የጆሮ ሥልጠና ብዙ ሰው የሚያለቅስበት ኮርስ ነው። በክፍሉ ፊት ቆማችሁ አይታችሁት የማታውቁትን ዜማ በዶ ሬ ሚ ትዘምራላችሁ። ይህ ዘዴ መሠረቱን ያገኘው በ11ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊው መነኩሴ ጉይዶ ዳሬዞ ለዘማሪዎች ካወጣው አሠራር ነው። ዩኒቨርሲቲያችሁ በተንቀሳቃሽ ዶ ይሁን በቋሚ ዶ እንደሚያስተምር አስቀድማችሁ እወቁ። በተንቀሳቃሹ፣ ዶ የምትዘምሩት ሜጀር ስኬል መነሻ ነው። በቋሚው ግን ስኬሉ ምንም ይሁን ምን ዶ ማለት በእንግሊዝኛ ፊደል C የምትባለው ኖታ ነች። አንዱን ለምዶ ወደ ሌላው የሚዞር ሰው ሲሰቃይ አይቻለሁ። ዜማ እየሰሙ መጻፍ ላይ ደግሞ ተማሪዎች ከመጀመሪያው ኖታ ጀምረው አንድ በአንድ ለመያዝ ሲሞክሩ ዜማው ጥሏቸው ይሄዳል። በመጀመሪያው ማዳመጥ ሪትሙን ብቻ ያዙ። በሁለተኛው መነሻውንና መድረሻውን። ቀሪውን ከዚያ ሙሉ። ብቻችሁንም አታጥኑ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ አንዱ እየተጫወተ ሌላው እየጻፈ የምታሳልፉት ግማሽ ሰዓት፣ ብቻችሁን ከምትቀመጡት ረጅም ምሽት ይበልጣል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። በሁለተኛው ዓመት ኮርሶቹ ተደራረቡ። ቀን ክፍልና ላብራቶሪ፣ ማታ የጽሑፍ ሥራ። ልምምድ የሚቀረው ለእኩለ ሌሊት ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ያልተለማመድኩትን ቅዳሜና እሁድ በአንድ ጊዜ ለማካካስ ሞከርኩ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ከመምህራን ፊት ቀርቦ የመጫወት ፈተና ነበር። እሱ ሲቃረብ ቀኝ እጄ አንጓው ላይ ያመኝ ጀመር። "ስትለምደው ይተዋል" ብሎ የሚመክር አልጠፋም። እኔም ችላ አልኩት። ከዚያ ጣቶቼ እየደነዘዙ፣ በር መክፈት ሁሉ እያመመኝ መጣ። ሐኪሙ የጅማት መቆጣት ነው አለኝና መጫወት ከለከለኝ። ፈተናውም ተላለፈ። ፒያኖ የሌለበት ሴሚስተር ከፊቴ ተደቀነ።

ይህንን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ። ሕመም ወኔ የሚለካበት ነገር አይደለም። ካመማችሁ ያን ቀን አቁሙ። ከቆየ ወይም መደንዘዝ ካለ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ ለአስተማሪያችሁም ወዲያው ንገሩ። አብዛኞቹ መምህራን ራሳቸው አልፈውበታል፤ ፈተናም ያስተላልፉላችኋል። ልምምድን ከፋፍሉት። ሃያ አምስት ደቂቃ ተጫውታችሁ ተነሱ፣ ትከሻችሁን ፍቱ፣ ውኃ ጠጡ። በክፍሎች መካከል ያለችውን ባዶ ሰዓት ያዙ። ለዚህም የልምምድ ክፍሉን ሰዓት ልክ እንደ ኮርስ የሳምንት ፕሮግራማችሁ ላይ ጻፉት፤ ካልተጻፈ ሌላው ኮርስ ይበላዋል። የምታዋጣው በየቀኑ የምትደረግ አጭር ልምምድ ናት። ከመሣሪያው ርቃችሁም ኖታውን እያያችሁ በልባችሁ መጫወት ትችላላችሁ። እኔ ይህን የተማርኩት እጄ ታስሮ ሳለ ነው።

ጆሮም እንደ እጅ ይጎዳል፤ ስለ ጆሮ ግን የሚያወራ ጥቂት ነው። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም የሚመክረው ወሰን ለ8 ሰዓት 85 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ነው። በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ ስትደርሱ የቀራችሁ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። በጠባብ የልምምድ ክፍል ውስጥ ትራምፔት ወይም ድራም የሚጫወት ሰው እዚያ ለመድረስ አይቸገርም። ለሙዚቀኛ ተብሎ የሚሠራ፣ ድምፁን ሳያዛባ የሚቀንስ የጆሮ መሰኪያ አለ። ግዙት።

ፒያኖ የሌለበት ያ ሴሚስተር ግን ትምህርቴን ሁሉ ቀየረው። ክሬዲቱን ለመሙላት ስል ሁለት ነገር ያዝኩ። አንዱ ፊዚክስ ዲፓርትመንት የሚሰጠው የድምፅ ሳይንስ ኮርስ ነው። ሌላው ኳየር፤ ለመዘመር እጅ አያስፈልግማ። መጀመሪያ ሁለቱ የማይገናኙ መስለውኝ ነበር። ላብራቶሪ ውስጥ የአንድ ገመድ ድምፅ ወደ ኮምፒውተር ገብቶ በስክሪኑ ላይ ሲበተን አየሁ። በ440 ኸርትዝ (በሰከንድ 440 ጊዜ እየተርገበገበ) የሚጮኸው ላ፣ ማለትም A፣ አንድ ድምፅ ብቻ አይደለም። በላዩ 880፣ 1320፣ 1760፣ 2200 እያለ የሚደረደር ድርድር አለ። መምህሩ 2200ን ጠቆሙንና ለአራት አካፍሉ አሉን። 550 ኸርትዝ። ይህ የላ ሜጀር ኮርድ ሦስተኛው ድምፅ ነው፤ ተፈጥሮ ራሷ የምትሰጠው። ፒያኖ ላይ ያለው ግን ከ554 በላይ ነው። ፒያኖ በሁሉም ስኬል እንዲጫወት ተብሎ አሥራ ሁለቱ ድምፆች እኩል ስለተከፋፈሉ፣ ሦስተኛው ድምፅ ትንሽ ተስቦ ከፍ ብሏል።

በዚያው ሳምንት ኳየሩ ያለ ፒያኖ ይዘምር ነበር። አንድ መዝጊያ ኮርድ አልቀመጥ አለን። የኳየሩ መሪ እጃቸውን ወደ እኛ ወደ አልቶዎቹ ዘርግተው "ሦስተኛውን ይዛችኋል፤ ጥቂት ዝቅ አድርጉት" አሉ። ዝቅ አደረግነው። ኮርዱ ጸጥ ብሎ ተቀመጠ። ይርገበገብ የነበረው ነገር ቆመ። ላብራቶሪ ውስጥ ያካፈልኩት ቁጥር በጉሮሮዬ ውስጥ ነበር። በሊበራል አርትስ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ መማር ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ ሌሎቹን ኮርሶች ከልምምዴ ሰዓት የሚሰርቁ አድርጌ ነበር የማያቸው።

ከዚያ በኋላ ግዴታ የሆኑ ኮርሶችን ስመርጥ አንድ ጥያቄ እጠይቅ ነበር፤ ይህ ለሙዚቃዬ ምን ያመጣል? እናንተም እንደዚያ አድርጉ። የቋንቋ ግዴታ ካለባችሁ ድምፃውያን ጣሊያንኛ፣ ጀርመንኛ ወይም ፈረንሳይኛ ብትይዙ የምትዘምሩትን ትረዳላችሁ። በሙዚቃ ታሪክ እስከ ዶክትሬት መግፋት የምትፈልጉ ደግሞ ጀርመንኛን አስቡ፤ ብዙ ፕሮግራሞች በውጭ ቋንቋ የማንበብ ፈተና አላቸው። ፕሮግራሚንግ ከድምፅ ቴክኖሎጂ ጋር ይሄዳል። ሥነ ልቦና ከሙዚቃ ሕክምና ጋር። የታሪክ ኮርስ ላይ የሴሚስተር ማጠቃለያ ወረቀት ሲታዘዝ ስለ ሙዚቃ መጻፍ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። እኔ ጠይቄ እምቢ ያለኝ መምህር የለም። እንዲያውም ደስ ይላቸዋል።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። የብዙ ዲፓርትመንቶች የቲዎሪና የታሪክ ትምህርት የተገነባው በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሙዚቃ ላይ ነው። በሌላ ቅኝት ያደገ ተማሪ፣ የሚወደው ሙዚቃ ኮርድ ስለሌለው ብቻ የጎደለው ነገር ያለ ሊመስለው ይችላል። እኔም ለጥቂት ጊዜ እንደዚያ ተሰምቶኝ ነበር። ያዳነኝ የኢትኖሚውዚኮሎጂ ኮርስ ነው፤ ሙዚቃን ከሕዝቡ ባህል ጋር የሚያጠና ዘርፍ ነው። በዚህ ዘርፍ ስሙ የሚነሳው አሜሪካዊው ምሁር ማንትል ሁድ እ.ኤ.አ. በ1960 አንድ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ የሌላውን ሙዚቃ የሚያጠና ሰው ቁጭ ብሎ ያንን ሙዚቃ መጫወት ይማር፣ በሁለት ሙዚቃ አፉን እንደፈታ ሰው ይሁን የሚል። ይህ ለእኔ በተቃራኒውም ሠራ። አንደኛውን ሙዚቃ ቀድሞ ይዤው ነበር። ስለዚህ የማጠናቀቂያ ጥናቴን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶች ላይ አደረግኩ፤ ድምፃውያን እያንዳንዱን ድምፅ በትክክል የት እንደሚያሳርፉት ቅጂዎችን እየለካሁ። ፊዚክሱ፣ ጆሮዬና ያደግኩበት ሙዚቃ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኙ።

የመጨረሻው ዓመት ለብዙዎች ሪሳይታል፣ ማለትም ተማሪው በራሱ ስም የሚያቀርበው ኮንሰርት፣ ነው። እጄ ተመልሶልኝ አጭር ሪሳይታል ሰጥቻለሁ። እዚህ ላይ ሰው የሚወድቀው በሙዚቃው ሳይሆን በዝግጅቱ ነው። አዳራሽ ዓመቱ ሲጀመር ያዙ፤ ሚያዝያ ሁሉም ሰው የሚፈልገው ወር ነው። አጃቢ ፒያኒስት የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ኖታውን ከወራት በፊት ስጡ፤ ክፍያውን ዩኒቨርሲቲው ይሸፍን ወይም እናንተ፣ በጽሑፍ ጠይቁ። ከባዱን ሥራ መጨረሻ ላይ አታድርጉት፤ እጅም ጭንቅላትም ደክሟል። ለመድረክ ፍርሃት ደግሞ የማውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ ከዋናው ቀን በፊት ፕሮግራሙን ሙሉውን በሰዎች ፊት መጫወት። ለሁለት ጓደኛ፣ ለአራት፣ ለአንድ ክፍል ሰው። ብትሳሳቱም ሳታቆሙ።

ስለ ገንዘብ ጥቂት ልበል። ሰው የትምህርት ክፍያውን ብቻ ያሰላል። የግል የመሣሪያ ትምህርት ተጨማሪ ክፍያ ሊኖረው ይችላል። አንዳንድ ቦታ ሙዚቃ በዋናነት ለያዘ ተማሪ ይህ ክፍያ ይነሳል፤ ስለዚህ ጠይቁ። በኦርኬስትራ ወይም በኳየር ለሚሳተፍ ተማሪ ሙዚቃ ባያጠና እንኳ ስኮላርሺፕ የሚሰጡ አሉ። ስትጠይቁ አትፈሩ፤ ጥያቄው ለእነሱ አዲስ አይደለም።

ለወላጆች ጥያቄ ደግሞ እውነተኛውን መልስ ስጡ። ዲግሪው ብቻውን ሥራ አይሰጥም። በመንግሥት ትምህርት ቤት ሙዚቃ ማስተማር የመምህርነት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ባችለር ኦፍ አርትስ ብዙ ጊዜ ያንን አያካትትም። በአሜሪካ የሙዚቃ ሕክምና ባለሙያ ለመሆን የተፈቀደ የሙዚቃ ሕክምና ፕሮግራም፣ ቢያንስ 1200 ሰዓት የተግባር ሥልጠናና የብቃት ፈተና ያስፈልጋል። ስለዚህ ወደዚያ የምታስቡ ከሆነ ቀጣዩን ትምህርት ከአሁኑ አቅዱ። ከእኔ ጋር የተመረቁት ሁሉም መድረክ ላይ አይደሉም። በድምፅ ቀረጻ የሚሠራ አለ፣ ሕግ የቀጠለች አለች፣ የኪነ ጥበብ ድርጅት የምታስተዳድር አለች። እኔ የድምፅ ቅጂዎች በሚጠበቁበት ክፍል እሠራለሁ፣ ማታ ማታ ፒያኖ አስተምራለሁ። ለሥራው የተቀጠርኩት መጻፍም፣ ማዳመጥም፣ መለካትም ስለምችል ነው። ቃለ መጠይቁ ላይ ያወሩኝ ስለ ሪሳይታሌ ሳይሆን ስለ ማጠናቀቂያ ጥናቴ ነበር።

ከመመረቃችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። የሪሳይታላችሁንና የኮንሰርቶቻችሁን ቅጂ ዋናውን ፋይል ተቀብላችሁ ከአንድ በላይ ቦታ አስቀምጡ፤ የማስተርስ ማመልከቻዎች የቅርብ ጊዜ ቅጂ ይጠይቃሉ፣ የተማሪ አካውንታችሁ ደግሞ ከምርቃት በኋላ ሊዘጋ ይችላል። ምስክርነት የሚጽፉላችሁን መምህራንም እናንተን በደንብ በሚያስታውሱበት በዚያው ወር አነጋግሩ። አንዱ የሙዚቃ፣ አንዱ ከሌላ ዲፓርትመንት ይሁን። ለእኔ የፊዚክስ መምህሬ ናቸው የጻፉልኝ።